በይሉኝታ የተመለሰው ማር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ጉተማ፤

እንደምን ከርመሃል? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያስነክስህ ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ባለቤትህ ናዝሬትስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ንቦቹስ? ንቦቹን ከሰው ቆጥሬ መጠየቄን እማዬ ሰምታ ስቃብኛለች። እኛ ብርዱ ጥርሳችንን ያንገጫግጨናል እንጂ ደህና ነን። እኔ ብቻ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እየተነሳሁ በረንዳው ላይ እመላለሳለሁ።

ባለፈው ከተማ ወጥተህ ስትደውል «ቀፎዎቹን ሸጬ ልገላገል» ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ነጋዴው ማርህን ለጠጅ ቤት በርካሽ እየወሰደ አማሮሃል፤ አልፈርድብህም። ግን እባክህ እስከ ዓርብ አትሽጥ።

የተቀጠርኩበት ቡድን ከአንድ ባሕር ማዶ አገር ጋር ነጻ የንግድ ስምምነት እየተደራደረ ነው። የአገሩን ስም እንዳንናገር ስለታዘዝን ይለፈኝ። ሲጠቃለል፣ እነሱ የእኛን ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባሉ፣ እኛም የእነሱን፤ ጭቅጭቁ የትኛው ዕቃ መቼ የሚለው ላይ ነው። ሐሙስ ተራው የማር ነበር። የእንግዶቹ መሪ፣ አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ ገና ሳንጠይቃት «ማራችሁ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያለ ቀረጥ ይግባ» አለች። ከወንበሬ ልዘል ምንም አልቀረኝ። አለቃችን አቶ ከበበ ግን፣ መቼም ጨዋ ሰው ናቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኧረ ይሄስ በዛ! እኛ እንታገሳለን፣ አሥር ዓመትም ቢሆን ግድ የለም» አሏት። ደግማ «አይሆንም፣ ተቀበሉ» እስክትል መጠበቃቸው ነው። ሁላችንም ጠበቅን። ሴትዮዋ አመስግና «አሥር ዓመት» ብላ ጻፈችና ወደ ቆዳ አለፈች።

ለእማዬ ስነግራት «አገር የሚያህል ነገር በይሉኝታ ይበላል?» ብላ ጮኸች። ወዲያው ጎረቤት ምሳ ሲጠራት ግን ጦሟን ውላ «ኧረ በልቻለሁ» አለች።

ዛሬ እሁድ እንግዶቹን እንጦጦ ምሳ ጋበዝናቸው። አቶ ከበበ ጥብሱን እየጠቀለሉ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ይሏታል፤ ሴትዮዋ «በቃኝ» ትላለች፤ እሳቸው ይብስባቸዋል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ «በቃኝ ስል አይሰሙኝም እንዴ?» አለችኝ። «እዚህ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው» አልኳት። አፌ አላርፍ ብሎም «የሐሙሱ ማር እንደዚያው ነበር» ብዬ ጨመርኩ። ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ ትፈልጉታላችሁ?» አለች። «በጣም!» አልኳት። «እንግዲያው ዓርብ በስብሰባው ላይ በግልጽ ጠይቁኝ። ሳትጠይቁኝ ለአለቆቼ ምን እላለሁ?»

ወደ ከተማ ስንወርድ ለአቶ ከበበ ነገርኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ የአገር ድርድር በጉርሻ መሐል ታወሪያለሽ?» ብለው ተቆጡና እስከ መገናኛ አኮረፉ። ልንለያይ ስንል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በዚህ ሽበቴ በዛ ያልኩትን መልሼ ልለምን? አፌ አይታዘዘኝም። ዓርብ አንቺ ተናገሪ። ከፈረሰም በአንቺ ይፍረስ» አሉኝ።

የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም፤ ከፈረሰ እኔም ከማሩ ጋር መቅረቴ ነው። የምናገረው እኮ «ማራችን ከመጀመሪያው ዓመት ይግባልን፣ እንፈልጋለን» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ኮተቤ ለምረቃ ያቀረብኩት ጥናት እንኳ እንዲህ አላስጨነቀኝም። መስታወት ፊት ስለማመዳት «እንፈልጋለን» ላይ ስደርስ ዓይኔ መሬት ይወርዳል። እንደገና እጀምራለሁ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ጮክ በይ፣ አልተሰማኝም!» ትለኛለች።

ይህን ነገ ማለዳ ወደ እናንተ በሚነሳው በሾፌሩ በአካሉ እጅ ልኬልሃለሁ። ትንሹን ጅሬኛን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ዮዳሄን ትምህርቷን እንድትበረታ ንገርልኝ። እማዬ ሁላችሁንም በስማችሁ እየጠራች መርቃችኋለች። ናዝሬትን አጥብቀህ ሰላም በልልኝ፤ ነጋዴው ቀፎ ልግዛ ብሎ ቢመጣም አንተ ደጅ አትውጣ፣ እሷ ታናግረው። እሷ «አይሆንም» ስትል የምሯን ነው።

እህትህ አያንቱ

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.