ከሚካኤል በኋላ ኑ

ሐሙስ፣ ኅዳር 1

ጠመኔ አለቀብኝ። ሦስተኛ ክፍል ከሚያስተምረው ከአምላኩ ግማሽ ለምኜ ቀኑን ጨረስኩ። «የቢቸና መምህራን ማኅበር፣ የጠመኔ ቅርንጫፍ» ብሎ ቀለደብኝ። የኔ ሁለተኛ ክፍል እንደ ልማዱ… አራት አራት ሆነው በአንድ ዴስክ፣ የተረፉት ከፊት መሬት ላይ። መጽሐፍ አንድ ለስድስት። መልካም ቀን ነበር ማለት ይቻላል።

ባለቤቴ ዓለምነህ ከሞጣ ደወለ። ልጃችንን እስከዳርን አገናኘኝ አልኩት። «ፋንታ ናት?» ስትል ሰማኋት። እማ የምትለው አያቷን ነው። ምን ታድርግ? አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ በወር ሁለቴ ብቅ የምል እንግዳ ነኝ። እንግዳ በስሙ ይጠራል። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ዘንድሮ ወደ ሞጣ ዝውውር ካላገኘሁ… አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 2

ድንገተኛ ስብሰባ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ቢያዝን ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ። ከዞን ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው። የዛሬ ሳምንት፣ ዓርብ። ባለፈው የተሰጠን ደረጃ አንድ ነው፤ ከዚያ በታች ደረጃ የለም። አሁንም አንድ ከተባልን እሳቸው ከቦታቸው ይነሳሉ።

«ዘንድሮ አጥር አይቆጥሩም፤ ሽንት ቤት አይለኩም» አሉ። «ክፍል ገብተው ልጅ እየመረጡ ያስነብባሉ። ንባብ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ንባብ የሚጀመረው ታች ክፍል ነዋ። ምን አደረግኳችሁ?

ሰኞ፣ ኅዳር 5

ቢሮ ጠሩኝ። በሩን ዘጉት። ደግ ነገር በተዘጋ በር አይነገርም።

«ፋንታነሽ፣ እህቴ፣ ከልጆችሽ ስንቱ ያነባል? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ግማሹ… ከግማሽም ያንሳል።»

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ጤፉ ደርሷል። የማያነቡት ይኼን ሳምንት ቤተሰባቸውን አጨዳ ያግዙ። ከሚካኤል በኋላ ይመጣሉ። ማን ተጎዳ?»

«ነውር አይሆንም፣ ጋሼ?»

«ነውሩስ ይኼን ሁሉ ልጅ ያለ መጽሐፍ ሰጥቶ ደረጃ ልስጥህ ማለት ነው!» ጠረጴዛውን መቱት። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዝውውር ማመልከቻሽ እኔ ጋ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ አያይዤ እልክልሻለሁ። ሞጣ ከልጅሽ ጋር ትሆኛለሽ። ብቻ ይቺን ዓርብ አሻግሪኝ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ራሳቸው ወጥተው ነው ቆርቆሮውን የመቱት። ባያውቁኝ ይሻል ነበር… የት ላይ እንደሚያመኝ ያውቃሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ነገርኳቸው። አንድ አንድ እያልኩ ወደ ውጭ እየጠራሁ። «ጎበዝ፣ አባትህን አጨዳ አግዝ። ከሚካኤል በኋላ ትመጣለህ።» አብዛኞቹ ደስ አላቸው፤ ዘለሉ። ምን ያድርጉ፣ እረፍት ተሰጣቸው።

ብሩክታይት ብቻ ቆማ ቀረች።

«እኛ እርሻ የለንም፣ ቲቸር።»

ረስቼው! እናቷ አገሬ ጌሾ ነጋዴ ናት፤ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «እንግዲያው እናትሽን ጌሾ አግዣት» አልኳት። አላመነችኝም። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ክፍሉ ሰፋ። ሁሉም ዴስክ ላይ ተቀመጠ። የጠየቅኩት ይመልሳል፤ ያስነበብኩት ያነባል። ማስተማር እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ነገ ነው። ሰሌዳውን ሦስቴ ጠረግኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

አልመጡም!

ጠዋት ግቢው ተጠርጓል፤ አቶ ቢያዝን በሠርግ ኮታቸው በር ላይ ቆመዋል። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ወደ መስኮት እሮጣለሁ። የጤፍ አይሱዙ… ባጃጅ… ደግሞ አይሱዙ። ከሰዓት በኋላ ተደወለላቸው። ቡድኑ መርጡለ ማርያም ገና ሥራ አልጨረሰም፤ ፕሮግራሙ ተላልፏል፤ ሌላ ጊዜ ይነገራችኋል። መቼ? አልተባለም።

«ሌላ ጊዜ ማለት ከገና ወዲያ ነው፤ እኔ አውቃቸዋለሁ» አሉና ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። አምላኩ «ኮቱን ለጥምቀት ያቆዩት» አላቸው።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ሞጣ። ሁለት ቀን እንደ ሁለት ደቂቃ። አማቼ «እናትሽ እኮ ናት፤ እማ በያት» ይሏታል። እስከዳር አየችኝ፣ አሰበች፣ «እማ ፋንታ» አለች። ይኼም አንድ ነገር ነው። ክንዴ ላይ ተኛች። እንዳትነቃ ብዬ ክንዴ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም።

«ርዕሰ መምህርሽ ደብዳቤውን ይጽፋል?» አለኝ ዓለምነህ። ይጽፋል አልኩት። ለምን እንደሚጽፍልኝ አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ተመለስኩ። ሚኒባሱ በንግሥ ተመላሽ ተጨናንቆ አንድ እግሬን አየር ላይ ይዤ ደረስኩ። ትምህርት ቤት ዛሬ ማንም የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጠዋት ስገባ ሁሉም መጥተዋል። አንድም የቀረ የለም። ከሚካኤል በኋላ ኑ አላልናቸውም? መጡ! ለበዓሉ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ቅቤ ተቀብቶ፣ ከሌሎቹ ቀድመው። ክፍሉ እንደገና ጢም አለ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያልኩ ሳለሁ ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆመ።

ኢንስፔክተሮቹ በዓሉን መርጡለ ማርያም ውለው በጠዋት ተነሥተው ነው የመጡት። ሳይነግሩ። አቶ ቢያዝን ዛሬ ኮት አልለበሱም፤ በሹራብ ነበሩ።

እኔ ክፍል የገባችው ወይዘሮ ማስተዋል ትባላለች። ቁጡ ትሆናለች ብዬ ነበር… አይደለችም። ረጋ ያለች ሴት። ቀሚሷን ሰብስባ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ ቢያዝን በሩ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ገላው የሚባለውን ተማሪዬን አስነሥታ የሚነበብ ወረቀት ሰጠችው። አንበለበለው። በልቤ ሚካኤልን አመሰገንኩ። ከዚያ ጣቷን ወደ ብሩክታይት ዘረጋች።

ብሩክታይት ወረቀቱን ያዘች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«ግድ የለም» አለቻት ወይዘሮ ማስተዋል። «ባለፈው ሳምንት ምን ተማራችሁ?»

«እኔ አልነበርኩም።»

«አሞሽ ነው?»

«አይ። የማናነበው ልጆች ከሚካኤል በኋላ ኑ ተብለን ነው።»

የማናነበው! ይኼን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። አጨዳ ነው ያልኩት። እርስ በርስ ተያይተው፣ ማን ማን እንደተባለ አይተው ራሳቸው ደረሱበት ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይኼን ይዘው ከረሙ?

«ልጅ ናት እንግዲህ…» አሉ አቶ ቢያዝን ከበሩ።

ወይዘሮ ማስተዋል እሳቸውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። «መምህርት?»

እስከዳር ትዝ አለችኝ። ክንዴ ትዝ አለኝ።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «አጨዳ ነበረች።»

ብሩክታይት ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። ቁጭ አለችና ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጥፋ መለሰች።

ሲወጡ አቶ ቢያዝን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ደብዳቤሽ ነገ ዝግጁ ነው» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ደወል ሳይደወል አገሬ ግቢ ገባች። ነጠላዋን አደግድጋ። ከፊቷ ብሩክታይት፣ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ። ትልቅ ሰው ለዕርቅ የሚሸከመውን ድንጋይ… ስምንት ዓመት ላልሞላት ልጅ! እግሯ ላይ የልምጭ ሰንበር አለ።

«መምህሯን ለዞን ሰው ዋሸችባቸው ብለው ነገሩኝ» አለች አገሬ። «እኔ ያልተማርኩ ደሃ ነኝ። ልጄን ለርስዎ ሰጥቼ በርስዎ ላይ ስትዋሽ ዝም አልልም። ቀጥቻታለሁ። እርስዎም በማርያም ይማሩልኝ። በይ፣ ውደቂ!»

ወደቀች። «ዋሽቻለሁ፣ ቲቸር» አለች።

ድንጋዩን አነሣሁት። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፌ ግን ለምዶበት፣ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የሚባለውን አለ፤ «ይቅር ለእግዜር።» ይቅር ባይዋ እኔ! አገሬ አመስግናኝ፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸሸሁ።

ከሰዓት የማጠቃለያ ስብሰባ ነበር። መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ፣ ሁለቱ ኢንስፔክተሮች። ወይዘሮ ማስተዋል ያየችውን ተናገረች፤ መጨረሻ ላይ «የሚጨምር አለ?» አለች። ተነሣሁ።

«ብሩክታይት አልዋሸችም። የማያነቡትን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

የአቶ ቢያዝንን ስም አልጠራሁም። እሳቸውም አልጠሩትም። መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። አምላኩ ብቻ አንገቱን ደፍቶ «እኔም አስቀርቻለሁ» አለ፤ ከሱ በኋላ ሌላዋ መምህርት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

አገሬ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ጌሾ ትለቅማለች። ልጅቱ አልነበረችም፤ ውኃ ልካታለች። መቀመጫ ልታመጣ ስትነሣ ያዝኳት፤ ከተቀመጥኩ አልናገረውም ብዬ ፈራሁ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። የቀረችው ማንበብ ስላልቻለች ነው፤ አስቀሪዋ እኔ ነኝ፤ ውሸታም ያልኳትም እኔ ነኝ።

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። የያዘችውን ጌሾ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ታዲያ እኔ ልጄን ለምን ገረፍኳት?» አለች።

ጎንበስ ብዬ ጌሾውን አብሬያት ለቀምኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

ውጤቱ መጣ። ደረጃ አንድ።

አቶ ቢያዝን ጠሩኝ። በሩ ዛሬ ክፍት ነበር። «ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም» አሉ። «አልፈረምኩትምም።» ከዚያ ቢሯቸውን ለማስረከብ ወረቀታቸውን ወደ መሰብሰብ ዞሩ። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። አምላኩ ብቻ ነው ሻይ የሚጠራኝ።

ለዓለምነህ ነገርኩት። «እውነትሽ ማንን ጠቀመ?» አለ። ዘጋብኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 5

ከትምህርት በኋላ የማያነቡትን ይዤ እቀራለሁ። ከመጀመሪያው ከሀሁ ጀመርን። እነ ገላው እናነብላቸዋለን ብለው አብረው ይቀራሉ፤ ያንዳንዱ ጩኸት! ብሩክታይትም ትቀራለች፤ እናቷ ትልካታለች። ግን ቃል አትናገርም። አንብቢ ስላት ታየኛለች። ያን ቀን እንዳየችኝ። በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ራሷን ነቀነቀች፣ በቃ። ልጅ ቶሎ ይረሳል ያለው ማነው?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

የዝውውር ዝርዝር ወጣ። የኔ ስም የለበትም። እንደማይኖር ባውቅም ሁለቴ አነበብኩት።

ለዓለምነህ ራሴ ደወልኩ። እስከዳርን ወደዚህ አመጣታለሁ አልኩት። እኔ እያስተማርኩ እሷ እዚሁ ግቢ አጸደ ሕፃናት ትውላለች።

«ራስሽ ደረጃ አንድ ያስባልሽው ትምርት ቤት? ልጄን?»

«አዎ። ምን እንደሚጎድለው አውቃለሁ። እሷ ሞጣ ሆና ግን ምን እንደሚጎድላት አላውቅም።»

«ለገና ይዣት እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። እየተናደደ። ይናደድ።

ከሰዓት አንድ አጭር ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ማንንም ሳልጠራ ብሩክታይት ተነሣች። ወደ ሰሌዳው ሄደች። ጠመኔውን አስቀምጬ ገለል አልኩላት።

ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች። «ይቺን አውቃታለሁ።» ሁለተኛው ላይ፣ «ይቺንም።» ሦስተኛው ላይ ቆመች። ከዚያ ዞራ ዓይኔን እያየች፣ ጮክ ብላ፣ «ይቺን አላውቃትም፣ ቲቸር» አለች።

እንባዬ መጣ፤ ልጆቹ እያዩኝ ጠረግኩት። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ከማታውቃት ጀመርን።