እብጠቱ እስኪጎድል

አዲስ አበባ፣ ራስ መኮንን ድልድይ
ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለአንጀቴ፣ ለልጄ ለፀሐዬ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ለጥርስ ሐኪም ስለ ጥርስ አይዋሽም። አምና ወደ አፋቤት ጦር ግንባር ስትዘምት ነርቩን አውጥተህ፣ ሥሩን አጽድተህ የሞላኸው መንጋጋዬ መግል ይዟል። ያኔ እጅህ ይባረክ ብዬህ ነበር። ምርቃቴን አልመልስም፤ ጥርሱ ግን ከድቶኛል።

ከፋሲካ ወዲህ ያብጣል፣ ይጎድላል፣ ደግሞ ያብጣል። ቸርችል ጎዳና ያለው ሐኪም ራጅ አንስቶ፣ «እማማ፣ ላዩ ደህና ተሞልቷል፤ ከሥሩ ጫፍ ግን መግል ተደብቋል። ይነቀል፤ ወደ ደምዎ ከገባ ይገድልዎታል» አለኝ። «የሞላው ልጄ ነው፤ የሚነቅለውም እሱ ነው» አልኩት። ሐኪሙ ሳቀ። እህትህ ሰርክአዲስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድራችን ዳኛ አቶ አጥናፉ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችንን ይዘው መጡ። ያበጠ ጉንጬን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። «ጥርሷን አሟታል ቢሉን ልንጠይቅሽ ነው» አሉ። ልጄ፣ ጥርስ ለታመመ ሰው በጎህ፣ ከነቄሱ፣ ጋቢ ተከናንቦ የሚመጣ ጠያቂ የት አገር ነው? እኔም እኮ ስንት ቤት በጎህ ሄጄ በር አንኳኩቻለሁ። ሲወጡ በሩ ላይ ለሰርክአዲስ ሲነግሯት ሰማሁ፤ «ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። እብጠቱ እስኪጎድል እንታገስ።»

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ለመግሉ የሰጠኝን ክኒን ምላሴ ሥር እየያዝኩ ጓሮ እተፋው ጀመር። ሕመሙ ጆሮዬን ሲበሳው እንኳ «እሰይ፣ እበጥ» እለው ነበር። ጉንጬ እስካበጠ ድረስ ማንም ስለ አንተ አፉን አይከፍትም። ሞኝነት መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን ምን ላድርግ? በኋላ ሰርክአዲስ ደረሰችብኝ። «እማዬ፣ አንቺንም ልቅበር?» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። አሁን አጠገቤ ቆማ ታስውጠኛለች፤ አፌን አስከፍታ ታያለች።

ዛሬ ጉንጬ ጎድሎ አደረ። በመስታወት ባየው የድሮው ፊቴ ነው፤ እንደ ዛሬ ፊቴን ጠልቼው አላውቅም። ሰርክአዲስ አየችኝና ነጠላዋን ለብሳ ወደ አቶ አጥናፉ ቤት ሄደች። እስክትመለስ ይህን እጽፍልሃለሁ።

እዚያ ብርድ አለ ይላሉና ሹራብህን ደርብ። በባዶ ሆድህ ሥራ አትጀምር። የሰው ጥርስ ስትነካ እንደ እኔው ጥርስ ቀስ በል። የአራዳው ጊዮርጊስ ባለህበት አይለይህ።

ነገ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ ልጅ አለኝ።

እናትህ ወርቅአፈራሁ