ስለ ሰሎሜ ነጠላና በባቡር ጣቢያ ስለሚኖረው ጣረ ሞት

ለተከበሩ ወንድም ወንዳፍራሽ፣
በሊልበርን የለመለመ መስክ ወንጌላውያን ኅብረት
የሕፃናት መንፈሳዊ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
(እርስዎም ስለ እኛ የጻፉት በማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሆነ በዚያው በኩል)

ኖቬምበር 23 ቀን 2014

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከመከር በዓሉ ዕለት ወዲህ ድንጋጤው ለቅቆዎት፣ የምግብ ፍላጎትዎም ተመልሶ እንደሆነ ከልብ እጠይቃለሁ፤ በእርስዎ ዕድሜና ቁመት ያለ ሰው ከአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ወደ ኋላ ሲሸሽ ወገቡን ሊጎዳ ይችላልና ቤተሰባችን እጅግ ተጨንቆ ነበር። እኔ ይገዙ ሕሩይ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርና የሰሎሜ አያት ነኝ። እናቷ ዲኬተር ሆስፒታል፣ አባቷ ኢስት ፖይንት ሥራ ስለሚውሉ ከትምህርት ቤት መልስ የምጠብቃት እኔ ነኝና፣ ጥፋት ከተገኘ ተጠያቂው እኔው ነኝ።

ኮሚቴዎ በለጠፈው ማሳሰቢያ ላይ «ምንጩ ያልታወቀ የጣረ ሞት ገጸ ባሕርይ» የሚል ስላነበብሁ፣ ምንጩን በማጣራት ልረዳዎት ወደድሁ። ዲልቢ የሚባለው ይህ የካርቱን ጣረ ሞት እኔን በአራት ዓመት ይበልጠኛል። መጀመሪያ የተሠራው ሲኒማ ቤት ዋናው ፊልም እስኪጀመር ልጆች እንዳይነጫነጩ ለሦስት ደቂቃ እንዲታይ ነው፤ ሠዓሊው ነጭ ያደረገውም ቀለም መግዣ ስላልነበረው ነው ይባላል። የሚኖረው በአንድ ባቡር ጣቢያ፣ የጠፉ ዕቃዎች በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራው ሰዎች ረስተውት የወረዱትን ጃንጥላ፣ ኮፍያና ጓንት ይዞ ባለቤቱን መፈለግ ነው፤ ባለቤቱ ግን ገና ሲያየው እግሬ አውጪኝ ይላል፤ ዲልቢም ዕቃውን እንዳቀፈ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሰሎሜ ጋር ተቀምጬ ከአርባ በላይ ክፍሎች አይቻለሁ፤ ሆን ብሎ ያስፈራራው አንድም ሰው አላገኘሁም።

ከእናንተ በፊትም ኮሚቴ እንደነበረበት ብነግርዎት ደስ ይልዎት ይሆናል። ቴሌቪዥን በየቤቱ በገባ ጊዜ የተቆጡ ወላጆች ተሰብስበው «ልጆቻችንን ያስደነግጣል» ቢሉ፣ አዘጋጆቹ ክብ ኮፍያ አደረጉለትና ወላጆቹ ረክተው ተበተኑ። የእርስዎ ኮሚቴ በሃምሳ ዓመት ቢዘገይም በቆራጥነት ግን ያንን በእጅጉ ይበልጣል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1ኛ፦ ልጆች ጣረ ሞት መስለው ከረሜላ የሚለቅሙበትን ሃሎዊንን ከልክላችሁ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከረሜላ «የመከር በዓል» ስላዘጋጃችሁልን እናመሰግናለን። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ከመኪና ማቆሚያ በቀር የሚታጨድ ነገር ባይኖርም ልጆቹ በጣም ተደስተዋል።

2ኛ፦ «የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው ወይም የባህል ልብስ» የሚለውን ደንብ ስላወጣችሁ እናመሰግናለን። ሰሎሜ የሟች ባለቤቴን የስንታየሁን ነጠላ ከራሷ እስከ እግሯ ተከናንባ መጣች። ለዓይኗ ሁለት ቀዳዳ ልታወጣለት ፈልጋ ነበር፤ የባለቤቴ ነጠላ በመቀስ ሲነካ ማየት አልችልም ብዬ የከለከልኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ፊቷን ገልጣ ነው የመጣችው። እርስዎም ገና ሲያዩዋት ማይክራፎኑን አንሥተው፣ አሜሪካ ተወልዳ ባህሏን ያልጣለች ልጅ ብለው አስጨበጨቡላትና የባህል ልብስ አንደኛ አደረጓት። ስህተቱ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን ሰሎሜና ወላጆቿ ከኢስት ፖይንት ወደ እኔ ቤት ከተዛወሩ አምስት ወር ሆኗቸው፣ ልጆች ከብበዋት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ስለነበረ አፌን ያዝሁ። ይህን ኃጢአቴን በዚህ አጋጣሚ እናዘዛለሁ።

3ኛ፦ ሰሎሜ ሽልማቷን ታቅፋ የዲልቢን ሥራ ጀመረች፤ በየወንበሩ ሥር እየዞረች የወደቀ ጓንት፣ የሕፃን ጫማ፣ የአንዲት እናት ስልክ እየለቀመች ለየባለቤቱ መለሰች። ማይክራፎኑ አጠገብ ረስተውት የነበረውን የመኪናዎን ቁልፍ ያመጣችልዎትም እርሷ ናት። እርስዎም «ተባረኪ» ብለው፣ የለበሰችው የየትኛው ብሔረሰብ ልብስ እንደሆነ ጠየቋት። ልጅቷ በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ መዋሸት ኃጢአት እንደሆነ በሚገባ ስለተማረች እውነቱን ነገረችዎት፦ «ጣረ ሞት ነኝ፣ ዲልቢ።» ከዚያ በኋላ የሆነውን ግቢው በሙሉ አይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ካስጨበጨቡላት ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽልማቱ ተነጠቀ፤ ነጠላውም ዘይት ተቀብቶ በጥቁር ላስቲክ ታስሮ ተወረሰ። ይህ ኅብረት በእኛ ሳሎን ውስጥ በስምንት ሰው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እስክታርፍ ድረስ ባለቤቴ አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ነጠላ ተከናንባ ጸልያለች፤ ለእርስዎ ለራስዎ የመኖሪያ ፈቃድ ጭምር። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲባል ከልጅነቴ እሰማ ነበር፤ የፈሩትን ራሱን መውረስ እንደሚቻል ግን ከእርስዎ ተማርሁ።

4ኛ፦ ሰሎሜ «ነጻ መሆኗ እስኪረጋገጥ» ለአርባ ቀን ከሰንበት ትምህርት ቤት እንድትቆይ፣ ሌሎች ልጆችም ለጥንቃቄ ከእርሷ ጋር እንዳይጫወቱ ስለወሰናችሁ። ለዚህ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ኤልቃና የሚባል አንድ ጓደኛ ነበራት፤ ባለፈው እሑድ እጇን ስታነሣለት እናቱ ክንዱን ይዛ ወደ ሌላው በር ወሰደችው። እናቲቱን አልወቅስም፤ ማሳሰቢያውን አንብባ ነው። በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ ሰሎሜ ከኋላ ወንበር ሆና እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ ጋሼን ስኬር አደረግኩት እንዴ? አስፈራሁት? እኔ እኮ ቁልፉን ልሰጠው ነው የሄድኩት።» ተናድጃለሁ፣ ወንድም ወንዳፍራሽ፤ ይህን ሁሉ «እርስዎ» የምደረድረውም ንዴቴን እንዲይዝልኝ ነው።

የምለምንዎት ትንሽ ነው። በዚያው ማይክራፎን፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ ይህች ልጅ ምንም አላደረገችም ይበሉ። ወንበሯን ይመልሱላት። ነጠላውን ለማጠቡ አይቸገሩ፣ ዘይቱን እኛው እናስለቅቃለን።

በላስቲክ ታስሬ እስካልተወረስሁ ድረስ ስለ ጤናዎ መጸለዬን የማልተው፣
በትጋትዎ የምደነቅ፣ ከፍ ባለ አክብሮት ከአንገቴ ዝቅ የምል ወንድምዎ፣

ይገዙ ሕሩይ

ማስታወሻ፦ ነጠላውን ወደ ላስቲኩ ለመክተት ሲጣደፉ የማንበቢያ መነጽርዎን ወንበሩ ላይ ረስተውት ሄደዋል፤ ይህን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል የጻፍሁትም ስለዚህ ነው። መነጽሩን ያነሣችው ሰሎሜ ናት። እንዳይጫር በካልሲዋ ጠቅልላ ሦስት እሑድ በሩ ድረስ ይዛልዎት መጥታለች፤ እርስዎ ሲያዩዋት መንገድ ስለሚቀይሩ አቅፋው ትመለሳለች። በሚመጣው እሑድም እዚያው በሩ ላይ ትቆማለች። እባክዎ አይሩጡ።