መላጣህ ከእኔ ነው

ለምወድህ ልጄ ለሲላስ፣ ጆሃንስበርግ።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን አለህ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ያ የሚያምህ ወገብህስ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለን የለም። ይህን የጻፍኩት እኔው አባትህ ነኝ፣ በገዛ እጄ። በማታው ትምህርት ከአሥራ አንድ ጎልማሶች አንደኛ ወጥቻለሁ። እናትህ አንደኛዋ እኔ ነኝ ትላለች፤ አትስማት። አሁን ሆሳዕና ውስጥ ያላነበብኩት ታፔላ የለም፤ የሚያናድደኝ ባጃጅ ብቻ ነው፣ የተጻፈበትን ሳልጨርስ ያልፋል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በነሐሴ የላክኸው ፎቶ ጉድ አፈላ። ኮፍያህን አውልቀህ አናትህ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። ፎቶው ፎንቆ፣ እጮኛህ አቢጋኤል ቤት ደረሰ። አባቷ አቶ ዋለ፣ «የልጁ ፀጉር በምን እንዳለቀ ሳናውቅ የሠርግ ቀን አንቆርጥም» ብለው ላኩብኝ። አንዱ የሰው አገር ውሃ ነው ይላል፣ ሌላው ሳሙና፣ ሌላው ሐሳብ፤ አክስቷ ሰብሌማ የተደበቀ በሽታ ነው ብላ ድርቅ አለች።

እኔ ምኔ ሞኝ! ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኋት፤ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ራሴ አነበብኩት። ፀጉር በቆረቆር ይረግፋል፣ በከባድ ሕመም፣ በደም ማነስ፣ በጭንቀት፤ ሴቶች ደግሞ አጥብቀው ሲሠሩት ይነቀላል። ወንድ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰብ የሚወረስ ነው ይላል። ፎንቆ ሄጄ ሽማግሌዎቹ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ አነባበቤን ብትሰማ ታለቅስ ነበር። ሰብሌ ግን፣ «ጋሽ ጠና፣ እርስዎ ፀጉሬ እየበዛ አስቸገረኝ ብለው አይደል በየሦስት ቀኑ የሚላጩት? ታዲያ ልጁ ከማን ወረሰ?» አለችኝ። ኮፍያዬን እስከ ጆሮዬ ስቤ ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

ልጄ፣ አንተም የማታውቀውን ልንገርህ። የእኔ ፀጉር ያለቀው በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሙልጭ አድርጌ የምላጨው እንዳይታወቅብኝ ነበር። እንግዲህ ወይ የእኔ ስም፣ ወይ የአንተ ሠርግ ሆነ። ምላጩን ጣልኩና ለአንድ ወር አሳደግኩ። ከጆሮ እስከ ጆሮ በጀርባ በኩል ለምለም አጥር በቀለ፤ መሐሉ ሜዳ። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ኮፍያዬን ሳወልቅ መዘምራኑ ዜማ ሳቱ። እናትህ ፊት አፍሬ ስቀመጥ፣ «እኔማ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ አውቃለሁ» ብላኝ እርፍ!

ተመልሼ ፎንቆ ሄድኩና አጎነበስኩላቸው። ሰብሌ ፎቶህን በስልኳ ከአናቴ አጠገብ ይዛ ዞረችኝ፤ በጣቷም ለካች። «ያው ነው፣ ዳርቻው ሳይቀር» አለች። አቶ ዋለ እስኪያስላቸው ሳቁ። አቢጋኤል ግን ቀረብ ብላ አየችኝና፣ «አባባ፣ በስተርጅና ምን እንደማገኝ አየሁ፤ ያምርብዎታል» አለች። እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ታገኛለህ! ቀኑ እዚያው ተቆረጠ፤ ጥር 16፣ ቅዳሜ። አደራ፣ እዚያ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይሸጣል አሉ፤ አጥልቀህ እንዳትመጣ። አናቴን አሳይቼ ያስቆረጥኩት ቀን ነው።

እናትህ ከግንባርህ ጀምራ እስከ ማጅራትህ ትስምሃለች። እህትህ ጵርስቅላ፣ ይህን ደብዳቤ በስልኳ አንስታ የምትልክልህ እሷ ናት፣ በጣም ናፍቀኸኛል ብላሃለች። ታናሽህ ሚክያስም ሰላም ይልሃል፤ ወረቀቱን ካነበብኩለት ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ግንባሩን በጣት ይለካል።

አባትህ ጠና
ሆሳዕና፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.