ሳክስፎኑ ኪኒን አልነበረም

ተስፍዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ንዴቴ ግን አልበረደልኝም። ሙት ላይ መቆጣት ነውር ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?

የፒያሳው ቤታችን ፈርሷል፤ የልብስ ስፌት ሱቅህም እንዲሁ። እኔና ልጃችን ማህሌት ከከተማ ወጣ ያለ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ጎረቤት አላውቅም። አትክልት ተራ ደርሼ ልመለስ ብል ታክሲው ግማሽ ቀኔን ይበላዋል።

ደም ግፊት አለብህ የተባልክ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ሐኪሟ ኪኒን አዘዘችልህና ለስለስ ያለ ሙዚቃም ያረጋጋል አለችህ። አንተ የሰማኸው የኋለኛውን ብቻ ነው። ውቤ በረሃ የጨፈርንበትን ያንን የሳክስፎን ሙዚቃ ከፍተህ ዓይንህን ትጨፍናለህ። ትንፋሽህ ዝግ ይላል፣ ትከሻህ ይላላል። ከዚያ ክንድህን ለመለኪያው ትዘረጋልኛለህ፤ እውነትም ግፊቱ ወረድ ይላል። ቆየት ብዬ ልድገመው ስልህ ግን እምቢ! ተመልሶ መውጣቱን ማየት አትፈልግም ነበር። ኪኒኑን ዋጥ ብልህ፣ «የኔ ደም አራዳ ነው፣ በሙዚቃ ነው የሚግባባው» ብለህ ታስቀኛለህ። ጭንቅላትህ ውስጥ ደም የፈሰሰ ዕለት ቀልድህ የት ነበር?

አሁን ግፊቱ ለእኔም መጣ። ማህሌት ላረጋጋት ብላ ያንኑ ሳክስፎን ከፈተችልኝ። አንተን የሚያበርድህ ዜማ የእኔን ልብ አስደለቀው። እጄ በረዶ ሆነ፣ ላብ አጠመቀኝ። ልጅቷ ደንግጣ አጠፋችው። ሐኪሟ ስነግራት አልገረማትም። ሰውነት ዜማውን አብሮት ካለፈው ነገር ለይቶ አይሰማም አለችኝ፤ ነርቭ ሲደነግጥ የደም ሥር ይጠባል፣ ልብ ይሮጣል። አየህ? ዘፈናችንን እንኳ ይዘህብኝ ሄድክ።

ኪኒኔን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ፤ በዚህ ቀልድ የለም። ማታ ማታ ማህሌት ክራር ትከፍትልኛለች፣ ያንን አንተ እንቅልፍ ያመጣል የምትለውን። ስሰማው እጄ ይሞቃል፣ ትንፋሼም ይረጋል።

ባለፈው እሁድ ማህሌት ቤት ሳትኖር ሳክስፎኑን ራሴ ከፈትኩት። ልቤ ሮጠ። አላጠፋሁትም። እየተሳደብኩህ፣ እያለቀስኩ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሲያልቅ ሰፈሩ ጭር ብሎ ነበር፤ እኔም ደክሞኝ እዚያው ወንበር ላይ ተኛሁ።

አልረሳህም ተስፍዬ። ንዴቴ ሳይወጣልኝም ቢሆን አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ አስቴር