መልስ የምትለዋ ቁልፍ

ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእታለም የትናየት፤

ከጉና ነፋስ ተነሥቶ አጋሮ የሚደርስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ጋሼ ቴዎድሮስ ደህና ናቸው ወይ? ሕፃኗ አዲስዓለም ጥርስ አበቀለች ሲሉ ሰማን፤ ትናከሳለች ወይ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ሁላችንም ጤና ነን። ፍልሰታም በሰላም ተፈታ።

በሦስተኛው ደብዳቤሽ «ተቀይመሽኛል እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አልተቀየምኩሽም። አጋሮ መጥቼ ያቋረጥኩትን ሰባተኛ ክፍል እንድቀጥል የጻፍሽውን፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካላሳወቅኩሽም ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ያልሽውን በቃሌ ይዤዋለሁ። በስልክ ስታገኚኝ ደግሞ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አንደበቴ እንደሚታሰር ታውቂያለሽ። በኢሜይል ያልጻፍኩልሽ ግን በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። ስነግርሽ አትሳቂብኝ። ወይም ሳቂ፤ እዚህ ድረስ አይሰማም።

የምሠራበት የእትዬ አሚና ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር በአማርኛ ነው። ደብዳቤሽን ስከፍት ከላይ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ መልስ፣ አስተላልፍ፣ ሰርዝ፣ አትም ይላሉ። እኔ «መልስ» ሲል የመጣውን ወደ መጣበት መልስ ያለኝ መሰለኝ። የተላከን ነገር መመለስ እንዴት እንደሚያስቀይም ታውቂያለሽ፤ እማዬ ጎረቤት እህል የላከችበትን ሰፌድ እንኳ ባዶውን አትመልስም። ስለዚህ እያነበብኩ ቀስ ብዬ እዘጋው ነበር። ሰው መጠየቅ አፈርኩ።

ሦስተኛውን ሳነብ እንባዬ መጣና እትዬ አሚና አዩኝ። ነገሩን በስንት ልመና ከአፌ አወጡ፤ ከዚያ ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ጥያቄና መልስ አልተማርሽም? የሠርግ መልስ መስሎሽ ድግስ ብትደግሺ ይሻል ነበር» አሉኝ።

ቁልፎቹን እንደ ልብ መደርደር እንደሚቻልም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ረድፉ ላይ ማውሱን በቀኝ በኩል ስጫን «የመሣሪያ አሞሌን አብጅ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ለካ የቁልፎቹ ረድፍ ስሙ አሞሌ ነው። ቤት ገብቼ ለአባባ ብነግራቸው «ታዲያ በሬዎቹ ይልሱታል ወይ?» አሉ። እማዬ እስካሁን ኮምፒውተሩን «ጨው ቤት» ትለዋለች።

በነጋታው ደንበኛ ሳይመጣ ብቻዬን አበጀሁት። እጄ ስቶ እንዳይነካው የምፈራውን ሰርዝን ጎትቼ ከረድፉ አወጣሁት። አስተላልፍንም አወጣሁ፤ ደብዳቤሽን ለማን አስተላልፋለሁ? አትም ለሥራ ስለሚያስፈልግ ቀረ። መልስን ከሁሉም ፊት አደረግኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ባስቀመጠኝ ቦታ ስቀመጥ ኖሬ፣ አንድ ነገር እንደ ፈቃዴ ሳስቀምጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማንም አልተቆጣኝም። እትዬ አሚና «አሁን ከአንቺ በቀር ማን ሊሠራበት ነው?» አሉ፤ ግን አልነኩትም።

እንዲያ ሆኜ ሳለሁ ይመስለኛል ልቤ የጠናው። አባባ አጋሮ የመሄዴን ነገር ከአፏ ልስማ ብለው ነበርና፣ አንገቴን ደፍቼ «እሄዳለሁ» አልኳቸው። «ድምፅሽ ለካ እንዲህ ነው» አሉኝ። እማዬ ወዲያው የበሶ ገብስ መልቀም ጀመረች።

እታለም፣ እመጣለሁ። ስሜን አስመዝግቢልኝ። ሰፌድሽንም ባዶውን አልመልስም፤ የእማዬን በሶ ይዤ ነው የምመጣው።

አባባና እማዬ ዓይንሽን ይስማሉ። ታናሻችን አዳነ አልጋዬን ከወዲሁ ወርሶ ሰላም ይልሻል። እትዬ አሚናም «ሠራተኛዬን ወሰድሽብኝ በያት» ብለዋል። ጋሼ ቴዎድሮስን ሰላም በይልኝ፤ አዲስዓለምንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ካልነከሰችሽ።

አሁን መልስን ልጫናት ነው።

ታናሽሽ ብርሃኔ
ንፋስ መውጫ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.