አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ ሦስት ሳጥን አሸዋ

ግንቦት 11

ሥራ ፉሪ። የሁለተኛ ፎቅ የውስጥ ልስን። ሲሚንቶው ዘግይቶ መጣ፤ አብሮኝ የሚለስነው ዱጉማ ደግሞ ከሲሚንቶው ዘግይቶ መጣ። ምሳ ሽሮ። ዝናብ የለም።

ይኸው ጻፍኩ። የማታ ትምህርቱን ጨርሰን ስንለያይ መምህርት ጸደንያ በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይሸሻችኋል ብላለች። ከእኔ የት አባቱ ይሸሻል? አጥር ላይ የተጻፈ፣ ታክሲ ላይ የተለጠፈ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ የታተመ... አንድም አላመለጠኝም። ዛሬ ከሀና ማርያም እስከ ፉሪ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። የታክሲው ረዳት «ጋሼ፣ ለሬዲዮ ነው?» አለኝ። ቀንቶ ነው።

ግንቦት 14

ሶሬቲ፣ ልጄ፣ ከትምህርት ቤት የልምምድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሁሉም ሒሳብ። ለቡ ያለ አንድ ትልቅ የግል ትምህርት ቤት በየዓመቱ ጥቂት ልጆችን በመግቢያ ፈተና መርጦ ሰባተኛ ክፍል በነፃ ይቀበላል አሉ። ፈተናው ሰኔ መጨረሻ ነው። አንዴ ያለፈው አለፈ፣ የወደቀው ወደቀ፤ ድጋሚ የለም። የሒሳብ መምህሯ አምሐ «ከክፍሉ አንቺን ነው የምልከው» ብሏታል።

ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አለው። ሶሬቲ ስለ ቤተ ሙከራው ስታወራ እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋታል።

እራት ላይ አስጠኚዋ እኔ ነኝ ብዬ አወጅኩ። ደራርቱ ሳቋን ይዛ ጓዳ ገባች። ሚስቴ ናት፣ መብቷ ነው።

ግንቦት 17፣ እሁድ

ተጀመረ። እኔ ጥያቄውን አነባለሁ፣ ሶሬቲ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

አንድ... ገበሬ... እያልኩ፣ ማሳውን አልፌ፣ ስንዴውን አልፌ፣ «ስንት ሄክታር» ላይ ደረስኩ። የመጨረሻዋን ቃል ገና እየፈታሁ ነው። «አሥራ ስምንት» አለች።

ችኩል ናት አልኩ በልቤ። ቃሏን ፈታሁ፤ «ይቀረዋል» ትላለች። መልሱን ከጀርባው ገጽ አየሁ። አሥራ ስምንት።

እንዴት እንዲህ ቶሎ ቻልሽ ብላት፣ «ቶሎ አይደለም፤ አንተ አንብበህ እስክትጨርስ ሦስቴ ሠራሁት» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አላወቅኩም። ለጊዜው ምስጋና ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ግን... ዓይኗን ስትጨፍን እዚያ ውስጥ ምን አለ? እኔ ስጨፍን ጨለማ ነው። እሷ ማሳ ታያለች፣ ማሳውን ትከፍላለች፣ የተረፈውን ትቆጥራለች። ከእኔ የወጣች ናት ማለት ነው? ከማን ትወጣለች ታዲያ።

ግንቦት 19

ትናንት ስለ ግማሽ ነገረችኝ። የዳቦ ግማሽ፣ የግማሹ ግማሽ፣ የዚያ ግማሽ... አያልቅም አለች። ፍርፋሪ ሲሆን ያልቃል አልኳት። ዳቦው ያልቃል፣ ግማሹ ግን አያልቅም አለችኝ።

ዛሬ መወጣጫው ላይ ቆሜ ነገሩ አልለቅ አለኝ። የቀረውን ግድግዳ ግማሽ ብለስን፣ ከዚያ የቀረውን ግማሽ፣ ከዚያ የቀረውን... መቼም አልጨርስም ማለት ነው። ለዱጉማ ነገርኩት። «ታዲያ እስከ ዛሬ እንዲያ አይደል የምትሠራው?» አለኝ።

ሳቅኩ። በኋላ ግን ግድግዳውን እየዳሰስኩ አሰብኩት። እስከ ምሳ የጨረስኩት ግድግዳ ማለቂያ የሌለው ነገር ነበረበት። ሳላየው ለስኜው ወረድኩ።

ግንቦት 24፣ እሁድ

ዛሬ የእኔው ጥያቄ መጣ። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ያውቀኛል፣ እምላለሁ። እንደወረደ ልገልብጠው፦

«ለልስን ሲሚንቶና አሸዋ አንድ ለሦስት ይደባለቃሉ። ለ24 ሳጥን ድብልቅ ስንት ሳጥን ሲሚንቶ ያስፈልጋል?»

ስድስት አለች። ሳቅኩባት። በስድስት ሳጥን የተለሰነ ግድግዳ በመጀመሪያው ክረምት ይረግፋል። ስምንት ነው አልኩ።

«አንድና ሦስት አራት ነው አባዬ። ሃያ አራት ለአራት ሲካፈል...»

«አንድና ሦስት ሦስት ነው» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። ይዣት ወጣሁ፤ ጎረቤት ቤት እያሠራ ነው፣ ደጁ ላይ አሸዋ አለ። ሦስት ጣሳ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ ሲሚንቶ። ውሃ ጠብ አደረግኩበት፣ አገላበጥኩት፣ መልሼ በጣሳው ሰፈርኩት። አንድ... ሁለት... ሦስት። ለአራተኛው የተረፈው የጣሳውን ታች እንኳ አልሸፈነም።

ሲሚንቶ የላመ ነው፤ አሸዋው መሀል ባለው ክፍተት ይሰርጋል። ሃያ አራት ሳጥን ድብልቅ የፈለገ ለሳኝ ሃያ አራት ሳጥን አሸዋ ይሰፍርና ስምንት ሲሚንቶ ይጨምርበታል። ሌላ አቆጣጠር እኛ ዘንድ የለም።

ሶሬቲ ጣሳውን ይዛ ቀረች። «አንዱ የት ሄደ?» አለች፣ በሹክሹክታ። ቅዳሴ ላይ የቆመች ነው የምትመስለው።

አስተማርኳት። መጽሐፉን አረምኩት። ዱጉማ ነገ ይህን ይስማ።

ሰኔ 5

መምህር አምሐ «የሶሬቲ አባት፣ ጋሽ እንግዳ ይምጣ» ብሎ አስጠራኝ። ጫማዬ ላይ ሲሚንቶ እንዳለ ከሥራ ቀጥታ ሄድኩ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ መንገድ ላይ መልስ ስዘጋጅ ነበር።

የሙከራ ፈተና ሰጥቷቸዋል። ከላይ የነበረችው ሶሬቲ መሀል ገብታለች። አንድ ለሦስት፣ ሁለት ለአምስት የሚል ጥያቄ ሁሉ ጠፍቶባታል። ወረቀቱን አሳየኝ። የአንድ ክፍል ወንዶችና ሴቶች አንድ ለሦስት ናቸው፣ በጠቅላላ አርባ ስምንት ልጆች፣ ወንዶቹ ስንት ናቸው ይላል። አሥራ ሁለት ነው መልሱ። አሥራ ስድስት ብላ ጽፋለች።

«ለምን ብዬ ጠየቅኳት። ይሰርጋል አለችኝ። ጋሽ እንግዳ፣ ተማሪ ተማሪ ውስጥ እንዴት ነው የሚሰርገው?»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ስለ ጣሳው ነገርኩት። አልተቆጣም። ልስኑ ላይ ያልከው ልክ ነው፣ ፈተናው ግን ስድስትን ነው የሚፈልገው አለኝ። ታዲያ ይንገሯት አልኩ።

«ነገርኳት። ዝም ብለሽ ደምሪ አልኳት። ዝም ብላ የምትደምር ልጅ አይደለችም። አሁን የምታውቀውንም ማመን ትታለች፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።»

ለፈተናው የቀረው ከሦስት ሳምንት ጥቂት ቢበልጥ ነው። በእግሬ ተመለስኩ። ምንም ማስታወቂያ አላነበብኩም።

ሰኔ 8፣ እሁድ

አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፈነች። አንብቤ ጨረስኩ... ዝም። ደግሜ አነበብኩ። ዝም። ቀላል ጥያቄ ነበር፣ እኔ እንኳ ልሠራው ደርሼ ነበር።

«አባዬ፣ የትኛው ነው እውነቱ?»

ቀልድ ፈለግኩ። ለሁሉም ነገር ቀልድ አለኝ። አልመጣም።

ደራርቱ ማታ እቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህኛው እንኳ ባትፎክር ምን ነበር» አለች። መምህሩ እውነቱን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው... መሀል ላይ ልጅቷ ወደቀች።

ሰኔ 12

ሶሬቲ ጣሳ ይዛ ቤቱን እየሰፈረች ነው። አሸዋ በአሸዋ ላይ ጨመረች፤ ሦስትና አንድ አራት ሆነ። ስኳር ውሃ ውስጥ ጨመረች፤ ጎደለ። ውሃ በውሃ፤ አራት። ሲሚንቶ በሲሚንቶ፤ አራት። ፈተናውን ረስታዋለች ብዬ ደነገጥኩ። ወረቀቶቹን እንኳ አልነካችም።

ከሥራ ስገባ ደራርቱ ወንፊት ይዛ ተቀምጣለች። ሶሬቲ ባቄላው ላይ ጤፍ ደፍታበታለች። እናትየው ስትቆጣ ሠፈሩ ይሰማል፤ አሁን ይፈነዳል ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ደራርቱ ነፋች፣ ነፋች፣ ቀና አለች። «ምስሩንስ ሞክረሽዋል?» አለቻት።

ይህቺን ሴት አላውቃትም ነበር።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሶሬቲ አስቀመጠችኝ። እኔን! እንደ ተማሪ። ጣሳውን መሀላችን አደረገች።

«ጥያቄው የሚጠይቀኝ የገባውን ነው። አንተ የነገርከኝ የወጣውን ነው። የገባው አራት ነው። የወጣው ሦስት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።»

ድገሚልኝ አልኩ። ደገመችልኝ። ወረቀት ላይ ያለ አሸዋ ክፍተት የለውም አለችኝ፤ ምንም አይሰርግበትም፤ ስለዚህ ፈተና ላይ የምትቆጥረው ከመቀላቀሉ በፊት ያለውን ነው። ልጆቹም እንደዚያው። ክፍል የገቡትን ነው የምትቆጥረው። አርባ ስምንት ለአራት፣ አሥራ ሁለት።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሚንቶ ሳቦካ የኖርኩ ሰው... የገባውና የወጣው ሁለት የተለያየ ጥያቄ መሆኑን አንድ ቀን አላሰብኩም። ማን ነገራት? መምህሩ አልነገራትም። እኔ አልነገርኳትም። መጽሐፉ ላይ የለም። ማንም ያላስቀመጠውን ነገር ከባዶ ጣሳ ውስጥ አወጣችው።

ወረቀቱን ራሷ አመጣች። አነበብኩ። «ስንት» ከማለቴ መለሰች። ቀጥል አለችኝ። ቀጠልኩ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ለቡ። በሩ ላይ መኪና በመኪና። አባቶች ከረባት አስረዋል። እኔም የማታ ትምህርት ስመረቅ የለበስኩትን ኮት ለብሻለሁ፤ ከማን አንሼ። ጥበቃው «የማን ወላጅ ነህ?» ሲለኝ «የአንደኛዋ» አልኩት። ሳቀ። ለልጄ ግን በርቺ ማለት እንኳ ረስቼ አስገባኋት።

ወጣች። ፊቷን አየሁ፣ ምንም አይነበብም። በማታ ትምህርት ያስተማሩን ፊደል ብቻ ነው። ፓስቲ ገዛሁላት። እየበላች የመጨረሻውን ጥያቄ ታስረዳኝ ጀመር፤ ስለ ሁለት ቧንቧ፣ አንዱ ገንዳውን ይሞላል፣ አንዱ ያፈሳል... ለቡ ላይ ጠፋብኝ። እስከ ሀና ማርያም ግን ራሴን ስነቀንቅ መጣሁ።

ሐምሌ 16

ስልክ ተደወለ። ደራርቱ አነሳች። እሺ... እሺ... እግዜር ይስጥልኝ... አለች።

አልፋለች።

ደራርቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፣ ዝናቡ ጉልበቷን እየመታው። ግቢ አላልኳትም። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሶሬቲ ከኋላችን መጥታ ቤተ ሙከራው የሚከፈተው መቼ እንደሆነ ጠየቀች።

ነገ ለዱጉማ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። እንዲህ ሆኜ አላውቅም። የምፎክርበት ነገር አግኝቼ ቃል አጣሁ።

ጥቅምት 5

የዩኒፎርሟን ሹራብ ሳታወልቅ ደብተሯን ከፈተች። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች። ኔጌቲቭ ይሏቸዋል።

እነሱንማ አውቃቸዋለሁ አልኩ። ቤዝመንት ናቸው። መሬቱ ዜሮ፣ ወደ ላይ ፎቅ፣ ወደ ታች ቤዝመንት። የስንቱን ሕንፃ ቤዝመንት ለስኛለሁ።

ልክ ነው አለች። ደረቴ ተነፋ።

«እሺ። ኔጌቲቭ ሁለት በኔጌቲቭ ሦስት ሲባዛ ስድስት ነው። ከመሬት በላይ ስድስት።»

ቤዝመንት በቤዝመንት ተባዝቶ... ስድስተኛ ፎቅ?

አፌን ከፈትኩ። መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜም አለኝ፣ ከየት እንደሚመጣ ባላውቅም። ስለ መሠረት ቁፋሮ የሆነ ነገር... ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት።

«አልገባኝም» አልኩ።

ደራርቱ ከጓዳ ብቅ አለች። ያመመኝ መስሏት ይሆናል።

ሶሬቲ ታስረዳኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጸጉሯን ወደ ኋላ መለሰች፣ ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እኔም አልገባኝም።»

ፈራች ብዬ ፊቷን አየሁት። ፈገግ ብላለች። ድግስ የተጠራች ነው የምትመስለው።

ደብተሩን መሀላችን አድርገን ሁለታችንም አጎነበስንበት። ሁለት ሰረዝ፣ ሁለት ቁጥር፣ ከወዲያ በኩል ስድስት። ትንሽ ነገር ናት፤ አውራ ጣቴን ባሳርፍባት ትሸፈናለች። ውስጧ ግን ምን ያህል እንደሚሄድ...

«ቆይ አባዬ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ይኸው እየቆየሁ ነው።